የኦሪገን ጨዋታ፦ ቅዳሜን አብረን የምንውልበት ዕቅድ

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ፣ እሑድ

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለነቢያት ጾም መግቢያ አደረሳችሁ።

በመጪው ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 (ኖቬምበር 29፣ 2025)፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሃስኪስ እዚሁ ሲያትል በሃስኪ ስታዲየም የኦሪገን ዩኒቨርሲቲን ይገጥማል። ጨዋታው የሚጀምረው 12፡30 ነው፤ በኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል። ማህበራችን ቀኑን አብሮ እንዲውል ለሥራ አመራሩ አንድ የጋራ ሐሳብ እናቅርብ ባይ ነኝ። ስብሰባቸው ረቡዕ ስለሆነ እስከ ማክሰኞ ማታ እንጨርሰው።

ለምን ይሄ ጨዋታ? ልጆቻችን እዚያ ግቢ ይማራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቡድኑን ሐምራዊ ለብሰው ይወጣሉ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ይመለሳሉ። እኛ ደግሞ «ማን አሸነፈ?» ብለን እናልፋለን። ከዓመቱ ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አብረን እንይ ከተባለ ከኦሪገኑ የሚበልጥ የለም። ሁለቱ ከ1900 ጀምሮ የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው። በ2024 አብረው ወደ ቢግ ቴን ሊግ ሲገቡም ፉክክሩ አልበረደም።

አሁን ስለ ጨዋታው የምጠብቀውን ልናገር። ኦሪገን ከ11 ጨዋታ 10 አሸንፏል። የተሸነፈው በኢንዲያና ብቻ ነው፣ 30 ለ 20። እኛ 8 አሸንፈን 3 ተሸንፈናል። ቁጥሩን ላየ ሰው እነሱ ይበልጣሉ። እኔ ግን ሦስቱን ሽንፈቶች መለስ ብዬ አየኋቸው። ኦሃዮ ስቴት 24 ለ 6፣ ሚሺጋን 24 ለ 7፣ ዊስኮንሰን 13 ለ 10። ተከላካዮቻችን በአንዱም አልፈረሱም። በሦስቱ ጨዋታ በድምሩ ያስቆጠርነው ግን 23 ነጥብ ብቻ ነው። በአፕል ካፕ፣ ማለትም ከዋሽንግተን ስቴት ጋር በምናደርገው የጎረቤት ፉክክር ጨዋታ፣ እነሱ ላይ በአንድ ቀን 59 አስቆጥረናል! ትናንት ማታም ዩሲኤልኤን በሜዳው 48 ለ 14 አሸንፈናል። ስለዚህ የኛ ዕጣ ያለው ማጥቃቱ ላይ ነው።

ማጥቃቱ ደግሞ ዴሞንድ ዊሊያምስ ነው። ባለፈው ዓመት በኦሪገኖች ከተማ በዩጂን በቋሚነት ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ኦሪገኖች ኳሱን ከመወርወሩ በፊት 10 ጊዜ መሬት ላይ ጣሉት። ጨዋታው በ49 ለ 21 አለቀ። ዘንድሮ ያው ልጅ ራትገርስ ላይ በውርወራና በሩጫ 538 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) አምጥቶ የዩኒቨርሲቲውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ከፊቱ የሚቆሙት ልጆች ጊዜ ከሰጡት እናሸንፋለን። ካልሰጡት ያለፈው ዓመት ይደገማል። እኔ በጠባብ ልዩነት እናሸንፋለን ብዬ አምናለሁ፤ የሚወሰነውም በአራተኛው ሩብ ነው።

ሐሳቤ ሁላችንም ስታዲየም እንግባ ነው። ምን ትላላችሁ?

ገንዘብ ያዥ

ወንድሜ፣ ፍላጎትህን ወድጄዋለሁ። «ሁላችንም» የሚለው ላይ ግን ልቁም። የኦሪገን ጨዋታ ትኬት ውድ ነው። አምስት ቤተሰብ ያለው አባል ከታንክስጊቪንግ ማግስት ይህን ወጪ ይችላል ማለት ይከብዳል። የማህበሩ ካዝና ደግሞ ለሐዘንና ለችግር የተቀመጠ ነው፤ ለትኬት አይወጣም። ይህ በሐሳቡ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ጨዋታው በሲቢኤስ ስለሚተላለፍ እዚህ ከተማ በኪሮ 7 ቴሌቪዥን ጣቢያ በተራ አንቴና በነፃ ይታያል። ትኬት የገዛ ስታዲየም ይግባ። ሌላው አዳራሻችን ተሰብስቦ ይይ። ማንም በገንዘብ ምክንያት ቤቱ እንዳይቀር ነው የምፈልገው።

አንድ አባል (ከሬኒየር ቢች)

እኔም ሃስኪ ነኝ፣ ግን ግምቱ ላይ አልስማማም። ኦሪገኖች በጫጫታ የሚደናገጡ አይደሉም። መስከረም ላይ ፔን ስቴትን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ገጥመው ሁለት ትርፍ ጊዜ ተጫውተው 30 ለ 24 አሸንፈዋል። አይዋ ላይም በዝናብ ውስጥ ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት በመቱት ኳስ 18 ለ 16 ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ቡድን መጨረሻ ላይ አይሸበርም። «በአራተኛው ሩብ እንበልጣለን» ከምንል በመጀመሪያው ሩብ ቀድመን ብንመራ ይሻለናል። አሰልጣኛቸው ዳን ላኒንግም ያለማመንታት ይደፍራል። የኛ ጄድ ፊሽ ቀድሞ መድፈር አለበት።

ስለ ዕቅዱ ግን የገንዘብ ያዧን ሐሳብ እደግፋለሁ።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ

የፔን ስቴቱን ተቀብያለሁ፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ሜዳችን ግን ቀላል አይደለም። ኦሃዮ ስቴት መስከረም ላይ እስኪያሸንፈን ድረስ እዚያ 22 ተከታታይ ጨዋታ አሸንፈን ነበር። የ2023ቱን አስታውሱ። ኦክቶበር ላይ እዚሁ 36 ለ 33 ስናሸንፋቸው አቻ የምታደርጋቸውን ኳስ የሳቱት በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ያኔ ሕዝቡ ሲጮህ የነበረውን የሰማ ሰው ሜዳ ዋጋ የለውም አይልም።

በዕድሜ ትልቅ አባል

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እኔ እዚህ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ቡድን እከታተላለሁ። ኦሪገኖች በ1994 ኳሳችንን ነጥቀው 97 ያርድ ሮጠው ያስቆጠሩትን ቪዲዮ እስከ ዛሬ በሜዳቸው ጨዋታ ሳይጀመር ያሳያሉ። ከ2004 እስከ 2015 ደግሞ 12 ጊዜ በተከታታይ አሸነፉን። በዚያ ዘመን መደገፍ ከባድ ነበር። በ2016 ዩጂን ላይ 70 ለ 21 ስንረታቸው ስልኬ ሲጮህ አመሸ።

ስለ ዩጂን ካነሳን፣ ያቺ ከተማ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ክፉ ከተማ አይደለችም። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና እዚያ ነበር። ለተሰንበት፣ ጉዳፍ፣ ጎቲቶምና ታምራት ቶላ አራት ወርቅ ያመጡበት። ስለዚህ የኦሪገንን ቡድን እንጂ የኦሪገንን ሰው አንስደብ። ለልጆቹ ይህን ንገሩልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነው። ቅዳሜ ማታ ማኅሌት የምንቆም ሰዎች አለን። ጨዋታው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ወደ አሜሪካኖቹ አራት ሰዓት ገደማ ያልቃል ማለት ነው፣ ያኔ ደግሞ ይመሻል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፕሮግራም አትጨምሩ። ተበትነን አረፍ ብለን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ።

አንዲት እናት

ጋሼ ስለ ጽዮን ያሉት ልክ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስለ ምግብ እኔ ልናገር። ጾም ስለሆነ የጾም ብቻ ይቅረብ፤ የማይጾመውም ለአንድ ቀን አይከፋውም። ቅዳሜ በመሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ የለም፣ ምሳውን ጨዋታው ሳይጀመር መብላት ይቻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ሱፍ ፍትፍት ቀዝቅዞም ስለሚበላ ለብዙ ሰው ይመቻል። ቆሎና ዳቦ ለእረፍት ሰዓት። ሻይ በፔርሙዝ። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ እንጀራውን እንችላለን፣ ወጡን ሌላ ሰው ይያዝልን።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትስቁብኝ። ጨዋታውን አላውቀውም። ልጄ ስትጮህ ለምን እንደምትጮህ ገብቶኝ አያውቅም። የሚያስረዳን ሰው ይኖራል?

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ

እህቴ፣ ማን ይስቃል! ዕቅዱን የጀመርኩት እኮ ለዚህ ነው። ዋናው ነገር እንዲህ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን አራት ዕድል አለው። በአራቱ 10 ያርድ ከተጓዘ አዲስ አራት ዕድል ያገኛል። ካልተጓዘ ኳሱን ይሰጣል። መጨረሻው መስመር ላይ ከደረሰ 6 ነጥብ ነው። ለዚህ ነው ሦስተኛው ዕድል ላይ ስታዲየሙ የሚናወጠው፦ የተጋጣሚ ኳርተርባክ ትእዛዙን ለጓደኞቹ እንዳያሰማ። በ1992 ኔብራስካ ሲመጣ እዚያ ስታዲየም የተለካው ድምፅ 133.6 ዴሲቤል ነበር። ልጅሽ የምትጮኸው ሥራ ላይ ሆና ነው።

አዳራሹ ውስጥ ከጨዋታው በፊት ግማሽ ሰዓት ማብራሪያ እናድርግ። እኔ አልሰጥም፤ ልጆቹ ይስጡ። ልጅ ወላጁን ሲያስተምር ማየት ደስ ይላል።

አንድ አባል (ሙስሊም ወንድማችን)

ምግቡ ለሁላችንም የሚሆን ስለሆነ አልሐምዱሊላህ። የአስር ሶላት (የከሰዓት በኋላው ሶላት) ከእረፍቱ ሰዓት ጋር ይቀራረባል። ከአዳራሹ ጎን ያለችውን ትንሿን ክፍል ቢተዉልን ይበቃናል። ስታዲየም ለሚሄዱት ደግሞ ባቡር እመክራለሁ። መኪና ማቆሚያው ውድ ነው፣ ሲያልቅም መውጫ የለም። ከሬኒየር ቢች፣ ከኦቴሎ ወይም ከኮሎምቢያ ሲቲ የተሳፈረ ሰው ሳይቀይር ግማሽ ሰዓት አካባቢ ውስጥ ስታዲየሙ አጠገብ ይወርዳል። ዋጋው ለአዋቂ 3 ዶላር፣ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ላለ ልጅ ነፃ ነው። የባቡር መክፈያው ኦርካ ካርድ የሌለው ቀደም ብሎ ያውጣ።

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ

እጅግ ጥሩ ውይይት ነው። የተባለውን ሰብስቤ ረቂቁን አስቀምጫለሁ፤ አስተያየት ያለው ይጨምር።

«ለሥራ አመራር። እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረ አባላት ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃስኪስ ከኦሪገን የሚያደርጉትን ጨዋታ ማህበሩ አብሮ እንዲከታተል ሐሳብ እናቀርባለን። አዳራሹ ከጠዋቱ 10፡30 (በኛ 4፡30) ጀምሮ ይከፈት። መጀመሪያ ምሳ፣ ቀጥሎ በተማሪዎች የሚሰጥ ማብራሪያ፣ ከዚያ ጨዋታው በትልቁ ስክሪን ይታይ። ምግቡ የጾም ሆኖ በአባላት መዋጮ ይዘጋጅ። ትንሿ ክፍል ለሶላት ትለቀቅ። በራሳቸው ወጪ ስታዲየም መግባት የሚፈልጉ አባላት በአንድ ላይ በባቡር ይሂዱ፤ ለትኬት ከማህበሩ ገንዘብ አይወጣም። ጨዋታው እንዳለቀ አዳራሹ ጸድቶ ይዘጋ። ሌላ ፕሮግራም አይኖርም።»

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ

ሁሉንም እቀበላለሁ። ሁላችንም ስታዲየም እንግባ የሚለውን ትቼዋለሁ፣ የአዳራሹ ይሻላል። ሁለት ነገር ብቻ ይጨመር። አንደኛ፣ ስታዲየም ለሚገቡት፦ ውስጡ የሚታይ ግልጽ ቦርሳ ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ጃንጥላም አይፈቀድም። የኅዳር ዝናብ ስለማይታመን ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይያዙ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹ የራሳቸው መቀመጫ ስላላቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ይሆናሉ። ወላጅ ልጁን ከጎኔ ካልተቀመጥክ እንዳይል። ቢያንስ ሁለት ተማሪዎች ግን ለማብራሪያው አዳራሽ እንዲቀሩ ጠይቄ እሺ ብለውኛል።

አባል ከሬኒየር ቢች

ስሜን ጻፉልኝ፣ ባቡሩ ላይ ነኝ። ግምቴ ኦሪገን በ7 ነጥብ ነው። ብሳሳት ግን ከሁላችሁም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።

በዕድሜ ትልቅ አባል

እኔ አዳራሽ ነኝ። ፊት ለፊት አንድ ወንበር ያዙልኝ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

አንዲት እናት

ወጡን የሚይዝ ሰው ገና አልተገኘም። እባካችሁ።

ገንዘብ ያዥ

ምስሩን እኔ እይዛለሁ። ጎመኑ ይቀራል።

ጸሐፊ፣ ማክሰኞ

የዝናብ ልብሱና የቦርሳው ነገር ተጨምሯል። ጎመኑን አንድ ቤተሰብ ወስዶታል። ረቂቁ ነገ ለስብሰባው ይቀርባል። በባቡር የምትሄዱ ስማችሁን እስከ ዛሬ ማታ አስመዝግቡ፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 10፡45 (በኛ 4፡45) ኦቴሎ ጣቢያ እንገናኝ።