ፌደሩን (ሚክሰሩ ላይ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚደረግበትን ተንሸራታች) ትንሽ ስነካው ድምፁ ይፈነዳል፣ ምን ላድርግ?

የአራዳ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር አንድ አዝማሪ ቤት ሳውንድ እሠራለሁ። ሚክሰሩ ባለ 12 ቻናል አናሎግ ነው። የማሲንቆው ቻናል አስቸግሮኛል። ፌደሩ ታች ጥግ አካባቢ ሆኖ እንኳ ይጮሃል፣ የጥፍር ያህል ገፋ ሳደርገው ቤቱን ያናውጠዋል፣ መለስ ሳደርገው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። እኔ የምፈልገው ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ ማሲንቆውን ዝቅ ማድረግ ነው። ሰው የሚመጣው ለግጥሙ ነው፣ ቃሉ ካልተሰማ ምን ዋጋ አለው? ሌላ፣ የ4ኛው ቻናል ፌደር ሲንቀሳቀስ ክርችችች ይላል። ልቀይረው?

ሽቦ ፈቺ፦
የማሲንቆው ፌደር ጤነኛ ነው፣ የበዛው ጌይንህ (ድምፁ ወደ ቻናሉ ሲገባ የሚጎላበት ቁልፍ) ነው። ከፌደሩ ጎን የተጻፉትን ቁጥሮች እያቸው። 0 አካባቢ መስመሮቹ ተራርቀዋል፣ ወደ ታች ሲወርዱ ይጠጋጋሉ። ከ0 እስከ −5 ለመውረድ ጣትህ ሰፊ ቦታ አላት፣ ታች ግን በዚያችው ርቀት 20 ዲቢ (ዴሲቤል) እና ከዚያም በላይ ትዘላለህ። እዚያ ላይ ሆነህ ማመጣጠን አይታሰብም።

ፌደሩን አውርድ፣ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ቀንስ፣ የቻናሉን ፒኤፍኤል (ከፌደሩ በፊት ያለውን ድምፅ ሜትሩ ላይ የሚያሳየውን ቁልፍ) ተጫን። አዝማሪው እንደ ማታው በሙሉ ኃይሉ ይምታ። ለስለስ አድርጎ ነካክቶ «በቃ» ካለህ እሺ አትበል፣ ሳውንድ ቼክ ላይ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚጫወተው፣ ማታ ሞቅ ሲል ሌላ ሰው ይሆናል። ሜትሩ 0 አካባቢ እስኪደርስ ጌይኑን ክፈት፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ካለ መለስ አድርግ። ከዚያ ፌደሩን 0 ላይ አስቀምጥ። አሁንም ለቤቱ ከበዛ ማስተሩን (የጠቅላላውን ድምፅ ፌደር) ወይ አምፕሊፋየሩን ቀንስ።

ከርቸሌ ሰፈር፦
ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጌይኑን ሰው ሳይገባ ጨርስ። ፕሮግራም መሀል ጌይን ከነካህ የሞኒተሩም (አዝማሪው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ድምፅ አብሮ ይለወጣል፣ ከፍ ካደረግከው ማፏጨት ይጀምራል። ለሞኒተር ድምፅ የምትልክበት ኦክስ (ተጨማሪ መውጫ) ደግሞ ፕሪ ፌደር፣ ማለትም ድምፁን ከፌደሩ በፊት የሚወስድ ይሁን። ፖስት (ከፌደሩ በኋላ የሚወስድ) ከሆነ ለግጥሙ ብለህ ማሲንቆውን ስታወርድ አዝማሪው ራሱ መሣሪያው ይጠፋበታል።

የአዘዞዋ፦
ስለ ክርክርታው፣ ቶሎ አትቀይረው። አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ሚክሰሩን አጥፍተህ ፌደሩን ከላይ እስከ ታች ደጋግመህ አመላልሰው። ካልተሻለው ለፌደር የሚሆን ኮንታክት ክሊነር ትንሽ ንፋበት። እባክህ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት እንዳትነፋበት! ውስጡ ያለውን ቅባት ያጥበዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ጸድቶም ክርችችች ካለ ከፌደሩ በፊት ያለው ካፓሲተር አርጅቶ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) እያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል ለቴክኒሻን አሳየው፣ ፌደር ብትቀይር ገንዘብህን ነው የምታባክነው። ስትጨርስ ደግሞ በጨርቅ ሸፍነው፣ የኛን አገር አቧራ ታውቀዋለህ።

የአራዳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ጌይኑ እውነትም ከግማሽ በላይ ተከፍቶ ነበር። አሁን ማሲንቆው 0 ላይ ቆሞ በጣቴ እንደፈለግኩ ይታዘዘኛል። ግን ኦክሱ ላይ ፕሪ ወይ ፖስት የሚል ማብሪያ የለም፣ በምን ልወቅ?

ከርቸሌ ሰፈር፦
አዝማሪው እየተጫወተ ኦክሱን ክፈትና የቻናሉን ፌደር እስከ ታች አውርደው። ሞኒተሩ አሁንም ከተሰማ ፕሪ ነው። ዝም ካለ ፖስት ነው፣ እሱን ለኢኮ ተወውና ሌላኛውን ኦክስ ሞክር።