ዛንዚባር ለ6 ሌሊት፦ ኑንግዊ ወይስ ፓጄ? እባካችሁ አማክሩን

ከሐዋሳ ተነስተን በነሐሴ ዛንዚባር ልንሄድ ነው፤ ሁለት አዋቂና ዋና ገና የሚማር የ7 ዓመት ልጅ። ወሩ ጥሩ ነው፤ እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ነው፣ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድና የደሴቲቱ የግዴታ ኢንሹራንስም ታስቦባቸዋል። የቸገረን ማደሪያው ነው።

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። በምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ በመቶዎች ሜትር ይርቃል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትወለድበት ሰሞን ይብሳል፤ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ «ሁልጊዜ ጠዋት እንዋኛለን» ብሎ ማቀድ አይሆንም። ውሃው በሸሸበት በባዶ እግር መሄድ ደግሞ ለሕፃን አደገኛ ነው፤ እሾሃማ የባሕር እንስሳት አሉ፣ የላስቲክ ጫማ ግድ ይላል። የነሐሴው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስም በዚያው ጎን ይበረታል።

ሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል ያስዋኛሉ። ግን ከጆዛኒ ደን ሩቅ ናቸው፤ በሐይቃችን ዳር ያሉት ጉሬዛዎች ዘመድ የሆነውን ቀይ ጉሬዛ ሳያሳዩ ልጁን መመለስ ያሳዝናል። ፓጄ ለደኑ ቅርብ ነው።

4 ሌሊት ኑንግዊ፣ 2 ሌሊት ፓጄ ይሻላል? ወይስ ኑንግዊ ተቀምጦ ደኑን በደርሶ መልስ? ከልጅ ጋር የሄዳችሁ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት ወሰደባችሁ?