የሰብዓዊ ዕርዳታ ድርጅቶች ለተረጂው ተጠያቂ የሚሆኑት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኖ በ2024 የተሻሻለው ዋናው የሰብዓዊ ዕርዳታ መለኪያ (Core Humanitarian Standard፣ የዕርዳታ ድርጅቶች ለተረጂዎች የሚገቧቸው ቃል ኪዳኖች ሰነድ)፣ ከዘጠኙ ቃል ኪዳኖቹ አንዱን ለቅሬታ አቀራረብ ሰጥቷል። የአስተያየት ሣጥንና ነጻ የስልክ መስመር እያለ ተረጂዎች ዝም የሚሉት ለምን ይሆን?

መልስ 1፦ ስማቸው ከተረጂዎች ዝርዝር እንዳይሰረዝ ስለሚፈሩ ነው፤ በተለይ ቅሬታ ተቀባዩ ራሱ አከፋፋዩ ሲሆን።

መልስ 2፦ በፍርሃቱ እስማማለሁ፤ ይሁንና ከዚያ የሚብሰው ምላሽ ማጣት ነው። የዕርዳታው ዓይነትና በጀቱ ከለጋሹ ጋር በተፈረመ ውል አስቀድሞ ከታሰረ፣ የመስክ ሠራተኛው ቅሬታውን በትጋት ቢመዘግብም እንኳ ሊለውጠው የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ለጋሾች በማኅበረሰቡ አስተያየት መሠረት ዕቅድ ማሻሻልን በውላቸው ሊፈቅዱ ይገባል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የወሲባዊ ብዝበዛ ጥቆማዎችስ በዚሁ መስመር ይስተናገዱ?

መልስ 1፦ መቀበያው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራው ግን በምስጢርና በሠለጠኑ ሰዎች ለብቻው ሊካሄድ ይገባል።