ለሮያል ሜልቦርን ሾው እናቴንና ልጆቼን ያለ መኪና እንዴት ልውሰድ?

ጥያቄ (አዲስ ገቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልቦርን ከመጣን ገና ስምንት ወራችን ነው። ትልቁ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። በየዓመቱ ስለሚደረገው የእርሻና የከብት ትርዒት ከትምህርት ቤት ሰምቶ ከሾው ሌላ ወሬ የለውም። ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። እናቴም ከአገር ቤት መጥታ እኛ ጋ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መቆም አትችልም። ስነግራት «ላም ለማየት ይከፈላል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለሆነ መኪና የለኝም። በምን ልሂድ? የትኛው ቀን ይሻላል? ሾው ባግ የሚሉት ጣፋጭና መጫወቻ የታጨቀበት ቦርሳስ እውነት ኪስ ያራቁታል? ደግሞ ቦታው ከሾው ውጪ ዝግ ነው ወይስ ሌላ ጊዜም መግባት ይቻላል?

መልስ (የፍሌሚንግተኑ)

እህቴ፣ በባቡር ሂጂ። ሾውግራውንድስ የሚባል ጣቢያ አለ፣ እዚያው አጠገቡ ያወርድሻል። በአዘቦት ቀን ግን ባቡር አይቆምበትም። የሚከፈተው ለሾውና ለትልልቅ ዝግጅቶች ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ካርታ ላይ አይተሽው እንዳትሸወጂ። በሾው ሰሞን ከፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ ትሳፈሪያለሽ።

57 ቁጥር ትራምም ከኤልዛቤት ስትሪት ተነስቶ በዚያ ያልፋል። እኔ የተሳፈርኩባቸው ግን የድሮዎቹ ባለ ደረጃ ናቸው። ለእማማ ጉልበት አይሆንም። መኪና የለኝም ብለሽም አትዘኚ። በዚያ ሰሞን እኛ የሰፈሩ ሰዎች እንኳ የራሳችንን መኪና የምናቆምበት አጥተን ነው የምንከርመው።

መልስ (የሦስት ልጆች እናት)

ሾው 11 ቀን ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤት እረፍት ጋር ይገጥማል። ከመስቀልም ጋር ይጋጫል፣ ስለዚህ ትኬት ከመግዛትሽ በፊት እማማን ጠይቂያቸው። እኔ አንድ ዓመት ሳላስብ ለመስቀል ቀን ቆርጬ እናቴ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። ረቡዕና አርብ የሚጾሙ ከሆነ እነሱንም እለፊ። ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው እንጨት ላይ የተሰካ ቋሊማ ነው፤ ለጿሚ የድንች ጥብስ ብትገኝ ነው። ከፉቲ (ከአውስትራሊያ እግር ኳስ) ፍጻሜው በፊት ያለው አርብማ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ጭራሽ አትሞክሪው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት፣ በር ሲከፈት ግቢ። እኛ ምግባችንን ሁሌም ከቤት ቋጥረን ነው የምንሄደው። ጃኬት አትርሺ፤ የጠዋት ፀሐይ እንዳታታልልሽ።

ሾው ባግ አዎ፣ ያራቁታል። መድኃኒቱ ይኸውልሽ። የባጎቹ ዝርዝር ከነዋጋው አስቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ልጁን ቤት አስቀምጪና አንድ ብቻ አስመርጪው። እዚያ ደርሶ ግድግዳ ሙሉ ተሰቅሎ ካየ በኋላ ምክር አይሰማም። ድሮ ድርጅቶች ምርታቸውን ለማስተዋወቅ በነፃ የሚያድሉት ናሙና ነበር አሉ። ዛሬ በነፃ የሚቀርሽ ሸክሙ ነው። እሱንም ቢሆን መጨረሻ ላይ ግዢው፤ ጠዋት ከገዛሽው ቀኑን ሙሉ ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ።

መልስ (የበረት ሰው)

እዚያ ከብት በማዘጋጀት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ ገብቶ በመጫወቻዎቹ ይጀምራል። እናንተ አትጀምሩ። ጠዋት ወደ ከብቶቹ ሂዱ። ያኔ ነው ላሞቹ የሚታጠቡት። በትልቅ የአየር መንፊያ ጠጉራቸው ይደርቃል፣ ይበጠራል፣ የጭራቸው ጫፍ እንደ ሙሽራ ፀጉር ይጎፈራል። እማማ ይህን ሲያዩ ጉልበታቸውን ይረሱታል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ የላሞቹ ውድድር ዳኝነት ጋ ተቀመጡ። ዳኛው ላሞቹን በክብ ያስዞርና ግታቸውን፣ ወገባቸውን፣ አረማመዳቸውን ያያል። ለምን አንዷን ከሌላዋ እንዳስበለጠም በማይክ ያስረዳል። በየቀኑ የሚቀርቡት እንስሳት ስለሚለያዩ ላም ለማየት ፍየል ቀን እንዳትሄዱ ፕሮግራሙን እዩ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ፣ የትንሿን እጅ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከእንስሳት የሚመጣ ተቅማጥ ክፉኛ ይጥላቸዋል። ግልገል ከነካች በኋላ በውኃና በሳሙና አሳጥቢያት። በእጅ ማጽጃ ጄል ብቻ አትተማመኚ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተሐዋሲ ጄል አይገድለውም። እንስሳት ያሉበት ውስጥ ምንም እንዳትበላ። ደግሞ ብስኩት ከያዘች ፍየሏ ትቀማታለች፣ ከዚያ ለቅሶውን አንቺ ቻይው።

መልስ (ዝም ብዬ ላክል)

ቦታው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። አዳራሾቹ ለኤክስፖ፣ ለኮንሰርት፣ ለፈተና ሁሉ ይከራያሉ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዋን እዚያ ተፈትናለች። በ2021 እኔም የኮቪድ ክትባቴን የወሰድኩት እዚያው ነው፤ በግ የሚሸለትበት ግቢ ውስጥ ተሰልፌ ክንዴን ስሰጥ ሳቄ መጥቶ ነበር። ሾውን የሚያዘጋጀው በ1848 የተመሠረተው የቪክቶሪያ የግብርና ማኅበር ሲሆን፣ ሾው አሁን ባለበት አስኮት ቬል ሰፈር መካሄድ የጀመረው በ1883 ነው። እንስሳቱን የምታገኙት ግን በሾው ነው፤ በሌላ ጊዜ ብትሄዱ አስፋልትና አዳራሽ ነው።

መልስ (ኬክ ጋጋሪዋ)

ስለ ምግብና ስለ እጅ ሥራ ውድድሩ ማንም አላነሳም! የተጋገረው፣ የተጠለፈው፣ ማርማላታው ሁሉ ይታያል። እኔ አንዴ ኬክ አስገብቼ ነበር። ጣዕሙን አመስግነው ነጥብ የቀነሱብኝ በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከምድጃ አውጥቼ ሽቦ ላይ ሳቀዘቅዘው መስመሩ ከሥሩ ታትሞበት። ሽቦው ላይ ፎጣ ማንጠፍ ነበረብኝ። ምዝገባው ከሾው ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ዘንድሮ አልፎሻል፤ ለከርሞ አስቢበት።

አዲስ ገቢ (ከሾው መልስ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማክሰኞ በባቡር ሄድን። ልጁ ባጉን ይዞ ተኝቷል። ትንሿ እጇን ስድስት ጊዜ ታጥባለች፣ ብስኩቷ ግን አልተረፈም።

እናቴ ዳኝነቱ ጋ ከተቀመጠች በኋላ መነሳት እምቢ አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ዳኛው ጥቁርና ነጯን አንደኛ ሲያወጣ ክርኔን ነካ አድርጋ «ሳያልባት በምን አወቀ?» አለችኝ። አጠገባችን የነበሩት የገጠር ሰውዬ ምን እንዳለች ጠየቁኝና ስተረጉምላቸው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሁለቱ ቋንቋ ሳይግባቡ በእጅ ምልክት ስለ ግት ሲያወሩ ቆዩ። እኔ ልጆቹን መጫወቻ ወስጄ ስመለስም እዚያው ናቸው።

እህት ኬክ ጋጋሪ፣ እናቴ አንድ ጥያቄ አላት። ለከርሞ ድፎ ዳቦ ማስገባት ይቻላል ወይ ትላለች።

መልስ (ኬክ ጋጋሪዋ)

እኔ በተወዳደርኩበት ዓመት የዳቦ ክፍል ነበረ። ደንቡ ሲወጣ መጠኑን እይላቸው፤ የእማማ ድፎ ከጠረጴዛው እንዳይበልጥ። ኮባውን ከየት ልታመጪ ነው ግን?