ፓናሉ ራሱ ያወጣው የዲኪም ሪከርድ ተቆርጦ ይወጣል፣ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ዲኤንኤስ (የዶሜይን ሪከርዶች የሚያዙበት ሥርዓት) ላይ እጃችሁ የተፍታታ ካላችሁ እባካችሁ ተባበሩኝ።

የምሠራበት ድርጅት ለደንበኞች ደረሰኝ የሚልከው በራሱ ዶሜይን ነው። ሰርቨር ከቀየርን ወዲህ ጂሜይል የሚጠቀሙ ደንበኞች ደረሰኙን ስፓም ውስጥ ነው የሚያገኙት፤ አንዳንዱማ ጭራሽ ተመልሶ ይመጣል። ኢሜይሉ የእኛ መሆኑን የሚያረጋግጡትን የዲኤንኤስ ሪከርዶች የፈጠረው የሆስቲንጉ ፓናል (መቆጣጠሪያ ገጹ) ነው፤ "ሁሉም ትክክል ነው" ብሎ አረንጓዴ ምልክት ያሳየኛል። ከውጭ በዲግ (ዲኤንኤስን በሚጠይቅ ትእዛዝ) ስጠይቅ ግን የማየው ሌላ ነው።

ኤስፒኤፉ (በዶሜይናችን ስም መላክ የሚፈቀድላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝረው ሪከርድ) ሁለት ሆኖ ወጥቷል፣ አንዱ የድሮው ሰርቨር፣ አንዱ የአዲሱ። አንድ ዶሜይን ሁለት ካለው ውጤቱ ፐርምኤረር (ቋሚ ስህተት) ስለሆነ ወደ አንድ አዋህጃቸዋለሁ። እሱ አለቀ።

ያስቸገረኝ ዲኪሙ (የኢሜይሉ ዲጂታል ፊርማ የሚረጋገጥበትን ቁልፍ የያዘው ሪከርድ) ነው። ቁልፉ 2048 ቢት ስለሆነ ቲኤክስቲ (የጽሑፍ) ሪከርድ በአንድ ጥቅስ ውስጥ ከሚችለው 255 ካራክተር ያልፋል። በሁለት ጥቅስ ተከፍሎ መግባት ሲገባው ፓናሉ 255ኛው ላይ ቆርጦ ቀሪውን ይጥለዋል። ከፍዬ በእጄ ሳስገባው ደግሞ የጥቅስ ምልክቱን ራሱን የቁልፉ አካል ያደርገዋል። (የሪከርዱ ስም መጨረሻ ላይም ዶሜይናችንን ሁለት ጊዜ ይለጥፍ ነበር፤ ሰሌክተሩን (ቁልፉን የሚለየውን ስም) ብቻ አስቀርቼ ስጽፍ ተስተካከለ።)

የዞን ፋይሉን (ሪከርዶቹ ሁሉ የተጻፉበትን ፋይል) በቀጥታ ባርመው ፓናሉ መልሶ ያበላሸው ይሆን? ወይስ 1024 ቢት ቁልፍ አውጥቼ ልገላገል? ደካማ ስለሆነ ልቤ አልፈቀደውም። ኔምሰርቨሩን (የዲኤንኤስ ሪከርዶቹን ይዞ የሚመልሰውን ሰርቨር) ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ያዛወረ ካለ፣ ኢሜይሉ ሳይቋረጥ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ። ዲማርኩን (ማረጋገጫውን ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን መመሪያ) ለጊዜው "ነን" (ምንም አይደረግ) ላይ ነው ያቆየሁት፤ ዲኪሙ ሳይስተካከል ወደ "ሪጀክት" (አትቀበሉ) አላስጠጋውም።