መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሞት ፕሮግራም፦ ከሰውነታችን ምን እንማር?

የከዚራው፦
ሰላም ድሬዎች። ከዚራ ላለ አንድ ፋርማሲ የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ሐሙስ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳ አለ። አንድ ሽያጭ ግማሹ ተጽፎ ቀርቷል፤ ያ መስመር ሁሉንም አሰረው። የፋርማሲው ባለቤት እስከ ማታ በደብተር ሸጡ። በጣም አፈርኩ።

ማታ ላብራቶሪ ለምትሠራው እህቴ ነገርኳት። "ቀይ የደም ሴል እኮ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይሞታል" አለችኝ። "በየሰከንዱ ሚሊዮኖች ይሞታሉ፣ ሚሊዮኖች ይተካሉ። አንተ ግን ምንም አይታወቅህም።" እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለት ዓመት የለፋሁት እንዳይወድቅ ነው። ወድቆ እንዲነሳ ብዬ አንድ ቀን አልሠራሁም። እናንተስ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሳቢያን፦
አቦ፣ የስልክ ሰዎች ቀድመውናል። የስዊድኑ የስልክ ኩባንያ ኤሪክሰን ውስጥ በፈረንጆቹ 1986 የተጀመረውን፣ ኤርላንግ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየው። ሥራው በብዙ ትንንሽ ፕሮሰሶች፣ ማለትም ለየብቻቸው በሚሮጡ ሥራዎች፣ ይከፋፈላል። አንዱ ሲበላሽ ይሞታል፤ የሚጠብቀው ሌላ ፕሮሰስ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ያንተ አንድ ወጥ ነው። የደረሰኝ ማተሚያው ቢበላሽ ሽያጩ ለምን ይቆማል?

የባዮሎጂ መምህር፦
እዚህ ላይ ጥንቃቄ፣ ልጆች። ሰውነት ስህተትን ዝም ብሎ አያልፍም። ዲኤንኤ፣ ማለትም የሴሉ መመሪያ ጽሑፍ፣ ሲገለበጥ የሚገለብጠው ኤንዛይም ከ100,000 ፊደል አንዱን ገደማ ይስታል። አብዛኛውን እዚያው ራሱ ያርማል። ያመለጠውን ሌሎች ጠጋኞች ይለቅማሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከቢሊዮን አንድ ገደማ ነው። ለሴሉ ሞት የማይሳሳው፣ ጽሑፉን እንዲህ ስለሚጠብቅ ነው። ቆዳህ ቢላጥ ይተካል። የጠፋ የመድኃኒት ቁጥርን ግን ማን ያበቅለዋል?

የከዚራው፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ሽያጩንና ስቶኩን ለየብቻ ነበር የምጽፈው! አሁን በአንድ ትራንዛክሽን አድርጌዋለሁ፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይጻፉም። ሳቢያን እንዳለው ማተሚያውንም ለየሁት። ከዚያ ቤት ቁጭ ብዬ ሶኬቱን 20 ጊዜ ነቀልኩ። ሃያውንም ጊዜ ተነሳ። አንዴ ብቻ አንድ ደረሰኝ ሁለቴ አወጣ። ይህን ለፋርማሲው ባለቤት ነገርኳቸው። "ትርፉን ደረሰኝ እቀደዋለሁ፤ ሽያጩ ብቻ አይጥፋብኝ" አሉኝ።