የሟች እህቴን ልጅ በሕግ ልጃችን ልናደርጋት ነው፤ አማቴ ግን አሻፈረኝ ብላለች

የሜሪ አክስት፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ታላቅ እህቴ ካረፈች ጀምሮ ልጇ ሜሪ እኛ ጋ ናት። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች። አባቷ እሷ ገና ዳዴ ሳትል በየመን በኩል ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም። ቤት ውስጥ እኔን እማ፣ እሱን አባ ነው የምትለው። ትምህርት ቤት ፎርም በተሰጠኝ ቁጥር ግን «ከተማሪዋ ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ይያዛል።

ጎረቤታችን መላ አለኝ ትላለች። ወረዳ ሰው አላት፣ እኛ እንደወለድናት አድርጎ አዲስ የልደት ካርድ ያወጣልናል አሉ። ፍርድ ቤት ምን ያንከራትታችኋል ነው የምትለው። የባለቤቴም ልብ ወደዚያ ሳያዘነብል አልቀረም። አማቴ ደግሞ ልጅቷን ትወዳታለች እኮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ የምትሠራት እሷ ናት፣ ግን «በስማችን እናድርጋት» ስንል ፊቷ ይለወጣል። «የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ አሳድጓት፣ አስተምሯት፣ የልጄን ቤት ግን አታውርሷት» ትላለች።

እጄ ላይ የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ወረቀት አለ። እሱ አይበቃም? ጉዲፈቻ ይሻላል ካላችሁስ የአባቷን ፈቃድ ከየት ላምጣ? አማቴስ ልትከለክለን ትችላለች?

ከልደታ፦
እህቴ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ የጎረቤትሽን መላ እርሺው። ሐሰተኛ ሰነድ ማውጣት ወንጀል ነው፣ እሱ አንድ ነገር። ሁለተኛ፣ ልጅቷን ትጎጃታለሽ። በዚያ ካርድ መሠረት እህትሽ ልጅ አልወለደችም ማለት ነው። ነገ የእህትሽ ንብረት ቢኖር፣ ወይም አባታችሁ ሲያርፉ የእህትሽ ድርሻ ይምጣ ቢባል፣ ሜሪ በእናቷ ቦታ ገብታ መውረስ ሲገባት በምን አፏ ትጠይቃለች? ኤምባሲ ዲኤንኤ አምጡ ያለ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ።

የአሳዳሪነቱ ወረቀት ለዛሬ ይበቃል። ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት ያስኬድሻል። 18 ዓመት ሲሞላት ግን ያበቃል። ባለቤትሽ ኑዛዜ ሳይተው አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ፣ ክፉ አያምጣና፣ ልጅቷ በሕግ ዓይን ለእሱ ባዳ ናት።

ጉዲፈቻ ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸው አላቸው። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አብራችሁ ነው የምትፈርሙት፤ ከሁለት አንዳችሁ 25 ዓመት ከሞላችሁ ይበቃል። ውሉን ጽፋችሁ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ዳኛው ልጅቷን ራሷን ያነጋግራታል፣ ስለ እናንተም ማጣራት ይፈልጋል። አንዴ ከጸደቀ እንደ ወለዳችኋት ልጅ ናት፣ ውርሱም እኩል ነው። ጥሩው ነገር ደግሞ ከትውልድ ቤተሰቧ ጋር ያላት ዝምድና አይቆረጥም። እና ልብ በሉ፣ አይመለስም። አድጋ አስቸገረችኝ ተብሎ ውል ማፍረስ የለም። ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚያበላሽ መንገድ ከያዘው ነው።

የአባትየው ጉዳይ ትንሽ ሥራ አለው። አንዱ ወላጅ ከሞተ የቀረው መፍቀድ አለበት። የጠፋ ሰው ግን ከየት መጥቶ ይፈቅዳል? ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ወሬው ካልተሰማ መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲያውጅ ማመልከት ይቻላል። ከወንድሞቹ ወይም ከእናቱ ምስክር ብታገኚ ይቀልሻል።

አማትሽ መከልከል አይችሉም። ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። የአሳዳጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙና ተቃውሟቸውን ከጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ካስመዘገቡ፣ በእነሱ ላይ ውጤት አይኖረውም። ማለትም ሜሪ የእሳቸው የልጅ ልጅ አትባልም። ከእናንተ የምትወርሰውን ግን የሚነካባት የለም።

እማ ሳሮን፦
እኔ የወሰድኳት ከማሳደጊያ ነው፣ ከዘመድ አይደለም፣ ስለዚህ መንገዱ ትንሽ ይለያል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቤት ድረስ መጥታ ነበር። እኔ ቡና አፍልቼ፣ ሳሎኑን አሳምሬ ስጠብቅ እሷ ቀጥታ ገብታ ልጅቷ የምትተኛበት የት ነው አለችኝ። አልጋውን አየች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ ሽንት ቤቱን አየች። ሶፋውን ዞር ብላም አላየችው። ደሞዛችንን የጠየቀችን መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ሜሪ እናቷ ማን እንደሆነች ታውቃለች? የእህትሽ ፎቶ ግድግዳ ላይ አለ? ከሌለ ዛሬውኑ ስቀዪ። ሰፈር ውስጥ አንድ ምላሰኛ አይጠፋም፣ እሱ ቀድሞ ከነገራት ያንቺ ቃል አይታመንም። የኔዋ ማውራት ሳትጀምር ነው መንገር የጀመርኩት፣ አሁን ራሷ ለእንግዳ ትተርካለች፣ አንዳንዴ እንደውም እየጨመረች 😂

አቡ ሂባ (ደሴ)፦
አላህ ይዘንላት። ለሚያነቡ ሙስሊም ወንድምና እህቶች ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የቲም (አባቱ የሞተበትን ልጅ) ማሳደግ ትልቅ አጅር (ምንዳ) ያለው ሥራ ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን በኛ ልጁ በወላጅ አባቱ ስም ነው የሚጠራው፣ የአሳዳጊውን አይወስድም። ከአሳዳጊውም በቀጥታ አይወርስም። ስለዚህ እኛ ቤት የምናሳድጋት ልጅ የአባቷን ስም እንደያዘች ናት፣ እኔ ደግሞ ከሲሶ በማይበልጠው ውስጥ ኑዛዜ ጽፌላታለሁ። ብዙ ሰው አሳድጎ፣ ለትዳር አብቅቶ፣ ኑዛዜውን ነገ ዛሬ ሲል ይሞትና ልጁ ሜዳ ላይ ይቀራል። ወረቀቱን በጊዜ ጻፉ።

የነቀምቴው፦
እናትዬዋ «የሰው ወርቅ» ያሉት አሳቀኝ። እኛ ጋ ጉዲፈቻ ማለት ሕጉ ከመጻፉ በፊት የነበረ ነገር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ከተመረቀ በኋላ ልጁ የአሳዳጊው ጎሳ ነው፣ አበቃ። የተወለደ ይሁን በጉዲፈቻ የመጣ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ምክሬ፣ ለአማትሽ ሕግ አትጥቀሺ። የሚያከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባታቸውን ላኪ። በጠበቃ ቃል የሚለዝቡ አማት እስካሁን አላየሁም።

ሰናይት ከቨርጂኒያ፦
ይቅርታ ጥያቄ ልስረቅ። እኔም የሟች ወንድሜን ልጅ እንዲህ አድርጌ ላመጣ እችላለሁ? ዜግነቴን ቀይሬያለሁ፣ ባለቤቴም አሜሪካዊ ነው።

ከልደታ፦
ሰናይት፣ በዚህ መንገድ አያስኬድሽም። በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ለውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ የሚፈቅደው ድንጋጌ ከቤተሰብ ሕጉ ወጥቷል። ፓርላማው ያጸደቀው ጥር 2010 ነው። በአንድ ወቅት ወደ አሜሪካ ብቻ በዓመት ከ2,000 በላይ ሕፃናት ይሄዱ ነበር። ወላጅ እያላቸው ወላጅ አልባ ተብለው ወረቀት የተሠራላቸው ነበሩ፣ እናቶች ልጄ ተምሮ ይመለሳል ብለው ነበር የሚፈርሙት። በ2003 ዓ.ም. ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሐና የምትባለው ልጅ በአሳዳጊዎቿ እጅ መሞቷም ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እነሱም ተፈርዶባቸዋል። የኔን አስተያየት ካልሽ፣ መዘጋቱ ትክክል ነበር፣ ግን ከዚያ ወዲህ እዚሁ አገር ውስጥ ለሚያሳድግ ሰው መንገዱን ቀላል ለማድረግ የተሠራው ሥራ በቂ አይደለም። ልጁን እዚህ የሚያሳድግ ዘመድ ካለ ግን አሳዳሪነቱን እሱ ይያዝ፣ አንቺ ከዚያ ሆነሽ ደግፊ።

የሜሪ አክስት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ስለ ውርሱ ያላችሁትን አነበብኩለት፣ ወረዳ የሚለውን ነገር ትቶታል። የአባቷ እናት ወሊሶ እንዳሉ ሰምቻለሁ፣ ለምስክርነት ልጠይቃቸው ነው፣ ልጅቷንም አይተዋት አያውቁም። የነፍስ አባቱን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፣ አማቴ የሚፈሩት እሳቸውን ብቻ ነው 😅 አንድ ነገር ግን፣ የእህቴን የሞት የምስክር ወረቀት አላወጣንም። ቀብሩ ገጠር ስለነበር ማንም አላሰበውም። ይሄ ያስቸግራል?

ከልደታ፦
ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። የሞት ካርዱን አሁኑኑ ጀምሪ፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይጠብቃል። የሜሪን ዋናውን የልደት ካርድና የጋብቻ ማስረጃችሁን አብረሽ አዘጋጂ። ወሊሶ ስትሄጂ ደግሞ ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ።